የመቃብር ጉብታው ጠባቂ ባለማሳው ነው

ከዲላ ተነስቶ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋጨፌ የሚጓዝ እንግዳ የመንገዱን ግራና ቀኝ ሲመለከት በደን ውስጥ የሚያልፍ ይመስለዋል። ከመኪናው ወርዶ ሲገባበት ግን የቆመው በሰው ማሳ ላይ ነው። ከላይ ረጃጅም ዛፎች፣ ከዛፎቹ ሥር እንሰት፣ በእንሰቱና በዛፉ ጥላ ቡና፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ ጎመኑና ሌላው የጓሮ ተክል አለ። የጌዴኦ አርሶ አደር ዳገቱን ሳያራቁት ለብዙ ትውልድ የኖረው በዚህ የእርሻ ዘዴ ነው።

በዚሁ ማሳ መካከል፣ በተለይም በተራሮቹ ጀርባ ላይ፣ ሌላም ሀብት አለ። የጥንት ሰዎች ሙታናቸውን የቀበሩባቸው የድንጋይ ክምሮችና ለእነርሱ የቆሙ ትክል ድንጋዮች ናቸው። በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር የተመዘገበው ድንጋዩ ብቻ፣ ወይም ደኑ ብቻ አይደለም። እርሻው፣ ባህላዊው ደን፣ ትክል ድንጋዩና ይህን ሁሉ ጠብቆ ያቆየው የሕዝቡ እውቀት በአንድ ላይ ነው።

ይህ ምዝገባ ደስ አሰኝቶናል፤ ሊያሰኘንም ይገባል። ነገር ግን ከደስታው በኋላ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ወደ መቃብር ጉብታው የሚመጣ ጎብኚ የሚያልፈው በአርሶ አደሩ ቡናና እንሰት መካከል ነው። ታዲያ ባለማሳው ከዚህ ጉብኝት ምን ያገኛል? ጥያቄው የቱሪዝም ባለሙያው ጥያቄ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትም፣ የመሬት አስተዳደርም፣ የቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛም ሊመልሱት ይገባል። ባለማሳው ካልተጠቀመ ጉብታውም አይጠበቅም፤ ጎብኚውም አይዘልቅም።

በቱቶ ፈላ የሚታየው

ነገሩን በአንድ ስፍራ እንመልከተው። ቱቶ ፈላ ከሩቅ ሲያዩት የድንጋይ ክምር ነው። ሲቀርቡት ግን ወደ 300 የሚጠጉ ትክል ድንጋዮች በክምሩ ላይ ይታያሉ። አንዳንዱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አንዳንዱ አዘንብሏል፤ ሌላው ወድቆ ተጋድሟል። ከድንጋዮቹ ብዙዎቹ የሰው ፊትና የሰውነት ክፍል ተቀርጾባቸዋል። በዚያ መካከል የሚቆም ሰው፣ ባይናገሩም የሚመለከቱት ሰዎች መካከል የገባ ያህል ይሰማዋል።

የአካባቢውን ትክል ድንጋዮች ቀድመው ለውጭው ዓለም ካስተዋወቁት አንዱ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በደቡብ ኢትዮጵያ የተዘዋወሩት ፈረንሳዊው ቄስ አባ አዛይስ ናቸው። በቱቶ ፈላ የተሟላ ቁፋሮ ያካሄደው ግን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በፈረንሳዊው የአርኪዮሎጂ ተመራማሪ በሮዤ ዡሶም የተመራው ቡድን ነበር። ቁፋሮው ያሳየው ነገር ለእኛ ለገጠር ሰዎች ለመረዳት አይከብድም። ከክምሩ ሥር ሌላ፣ ከእርሱ የቀደመ የመቃብር ስፍራ ተገኘ። በመጀመሪያው ዘመን ሙታን ወደ ታች በተቆፈረ ጉድጓድ ይቀበሩ፣ የወንድ ብልት ቅርጽ ያለው ድንጋይም ይቆምላቸው ነበር። ዘመን አልፎ የመጡት ሰዎች በዚያው ስፍራ ላይ ሙታናቸውን ቀበሩ፤ ድንጋይም ከመሩበት። የቀድሞዎቹን ትክል ድንጋዮችም ጥለው ሌላ አልፈለጉም፤ የሰው መልክ ቀርጸውባቸው ዳግም ተከሏቸው። አንድ ጉብታ የሁለት ዘመን ታሪክ ይዟል ማለት ነው።

የጉብታው ዕድሜም ቀላል አይደለም። ስለ ጌዴኦ ትክል ድንጋዮች ቀደም ሲል የነበረው ግምት ከ900 ዓመት ብዙም አያልፍም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ ጥናት ግን ሳካሮ ሶዶ በተባለው ስፍራ ያሉት ትክል ድንጋዮች ወደ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚጠጋ ዕድሜ እንዳላቸው አሳይቷል። ከቀድሞው ግምት በአንድ ሺህ ዓመት ያህል የሚቀድም ነው። በዞኑ ከ60 በሚበልጡ ስፍራዎች ከ10 ሺህ በላይ ትክል ድንጋዮች እንዳሉ ይገመታል። ለንጽጽር ያህል እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጢያ መካነ መቃብር የያዘው 36 ትክል ድንጋዮችን ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ በየማሳችን ዳር ያለውን ሀብት መጠኑን እንኳ በወጉ ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ድንጋዩ የሚጠፋው በዕለት ሥራ ነው

ቅርስ ይጠፋል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በሌሊት መጥቶ የሚወስድ ዘራፊን ነው። የመቃብር ጉብታን በዋናነት የሚያጠፋው ግን ሌባ አይደለም። ለአጥር ወይም ለቤት መሠረት ድንጋይ የፈለገ ሰው ነው። ለእርከን ሥራ የቅርቡን ድንጋይ ያነሳ የተፋሰስ ልማት ቡድን ነው። ለቡና ችግኝ ጉድጓድ የቆፈረ፣ ከብቱን በትክል ድንጋይ ላይ ያሰረ፣ ቢላውን ወይም መቆፈሪያውን የሳለበት ሰው ነው። ማንኛቸውም ክፉ አስበው አያደርጉትም። ድንጋዩ ቅርብ ነው፤ ሥራው አስቸኳይ ነው፤ አይሆንም ያለ ሰው የለም። በየዓመቱ አሥር አሥር ድንጋይ ቢነሳ ግን ጉብታው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከማሳው ጋር ይስተካከላል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በፈረንሳይ አገር፣ በብሪታኒ ጠረፍ፣ ባርኔኔዝ የሚባል 72 ሜትር ርዝመት ያለው የድንጋይ መቃብር አለ። ከ6 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ አንድ የሥራ ተቋራጭ ጉብታውን እንደ ተራ የድንጋይ ካባ ቆጥሮ ለመንገድ ሥራ የሚሆን ድንጋይ ያወጣበት ጀመር። ከአጠገቡ የነበረው አነስተኛ ጉብታ በዚሁ ሥራ ጠፋ ማለት ይቻላል። የትልቁም ጎን ተገምሶ የውስጥ ክፍሎቹ አፋቸውን ከፍተው ሲታዩ ነው ሥራው የታገደው። ዛሬ ባርኔኔዝ 11 የመቃብር ክፍሎቹን ይዞ ጎብኚ የሚቀበል ስፍራ ነው። የተገመሰው ጎንም እንደተገመሰ ይታያል።

በአየርላንድም እንዲሁ ነው። ኒውግሬንጅ የተባለው፣ 85 ሜትር ያህል ስፋት ያለው የመቃብር ጉብታ መግቢያው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1699 የመሬቱ ባለቤት ለመንገድ የሚሆን ድንጋይ ሲያስወጣ ነበር። ዛሬ ያ ጉብታ በእርሻና በግጦሽ መሬት ተከቦ የአገሪቱ ታዋቂ የጉብኝት ስፍራ ሆኗል። ጎብኚ እንዳሻው አይገባበትም። ከጎብኚዎች ማዕከል በአውቶቡስ ይወሰዳል፤ በትንንሽ ቡድን ተከፍሎ ከአስጎብኚ ጋር ይገባል። እነዚህ አገሮች ዛሬ የሚኮሩባቸውን ጉብታዎች ለጥቂት ነው ያተረፏቸው። እኛ ግን ከእነርሱ ጉዳት ሳንጎዳ መማር እንችላለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። ትክል ድንጋይ ዋጋው ድንጋዩ ብቻ አይደለም። የቆመበት ስፍራ፣ ከሥሩ ያለው አፈርና በአፈሩ ውስጥ ያለው ቁራጭ ከሰል ሳይቀር መረጃ ነው። ተመራማሪዎች የአንድን መቃብር ዘመን የሚያውቁት ብዙ ጊዜ እንዲህ ካለው ከሰል ነው። ስለዚህ የወደቀን ትክል ድንጋይ በመልካም ሐሳብም ቢሆን ባለሙያ ሳይኖር አንስቶ ማቆም፣ ወይም ለአያያዝ ይመቻል ብሎ ወደ ቀበሌ ግቢ ማጓጓዝ ከማፍረስ የማይተናነስ ጉዳት አለው። የወደቀው ባለበት ይቆይ፤ ፎቶ ይነሳ፤ ይመዝገብ፤ ለሚመለከተው አካል ይነገር።

የባለማሳው ጥያቄ

የጌዴኦ ዞን በአገራችን የሕዝብ ጥግግታቸው ከፍተኛ ከሆኑ አካባቢዎች አንዱ ነው። የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ትንሽ ነው፤ ያም ለልጆች ይከፋፈላል። እንዲህ ባለ ስፍራ ለአንድ አርሶ አደር ከጉብታው ዙሪያ ጥቂት ሜትር ተው ማለት የእነዚህን የቡና እግሮችና የእነዚያን እንሰቶች ጥቅም ተው ማለት ነው። እንሰት ደግሞ ለዚህ አካባቢ ሰው የክፉ ቀን ስንቅ ነው። ለባለማሳው የምንጠይቀው ነገር ዋጋ እንዳለው ሳንቀበል ስለ ቅርስ ጥበቃ ብንሰብክ ሰሚ አናገኝም።

ሌላም አለ። ጎብኚ ይመጣል፤ ማሳ አቋርጦ ያልፋል፤ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። የመጣበት ገንዘብ በሆቴል፣ በመኪና ኪራይና በከተማ ይቀራል። ቡናው የተረገጠበት፣ አጥሩ የተከፈተበት ሰው ምንም ካልደረሰው ጉብታው ለእርሱ ሀብት ሳይሆን ሸክም ይሆንበታል። ሸክም የሆነን ነገር ደግሞ ማንም አይንከባከብም። የጌዴኦ አባቶች እነዚህን ድንጋዮች እስከ ዛሬ ያቆዩት ደመወዝ ተከፍሏቸው ሳይሆን አክብረዋቸው ነው። ይህን አክብሮት ለቀጣዩ ትውልድ ለማሻገር ግን አክብሮት ብቻውን አይበቃም። መሬት የጠበበው ወጣት፣ አያቱ ያከበሩትን ጉብታ ሲያይ አንድ ጥቅምም ማየት አለበት።

በሕግ በኩል መነሻ አለን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ፣ በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቅ ያዛል። ያስረከበ ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው፣ ወጪ ካወጣም እንዲተካለት ይፈቅዳል። ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ካሳ የሚከፈልበትን ሥርዓት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደንግጓል። ሕጉ በወረቀት ላይ አለ። የጎደለው ሕጉን ከአንድ ጉብታና ከአንድ ማሳ ጋር አገናኝቶ በቀበሌ ደረጃ የሚያስፈጽም ሰው ነው።

ከወረዳው የሚጠበቀው

አንደኛ፣ ወሰን ይከለል። ባለማሳው፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች፣ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያውና የመሬት አስተዳደር ባለሙያው አብረው በቦታው ቆመው ይወስኑ። ወሰኑ በካርታና በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። የተቀነሰ መሬት ካለ ካሳው ወይም ምትኩ ከመከለሉ በፊት ይታወቅ። የጌዴኦ ሕዝብ ክርክሩን የሚፈታበት የሶንጎ ሸንጎ አለው። ወሰኑ በሶንጎ ፊት ከጸና ከማንኛውም የሽቦ አጥር የበለጠ ይከበራል።

ሁለተኛ፣ የተፋሰስ ልማት ዕቅድ ከጉብታዎቹ ጋር ይናበብ። በበጋው የአፈርና ውኃ ጥበቃ ዘመቻ ከመጀመሩ በፊት የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በቀበሌው ያሉትን የመቃብር ስፍራዎች ለይቶ ይወቅ። የእርከን ድንጋይ ከየት እንደሚመጣ በዕቅዱ ይጻፍ። ከጉብታው ላይም ሆነ ከዙሪያው አንድም ድንጋይ እንዳይነሳ ለቡድን መሪዎች በግልጽ ይነገር። ነገር ግን እርከን አይሠራ ማለት አይደለም። ከጉብታው በላይ ካለው ዳገት የሚወርደው ጎርፍ ካልተገታ ትክል ድንጋዩን ሥሩን አጥቦ የሚጥለው እርሱ ነው። በተገቢው ርቀት የተሠራ እርከንና የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ለማሳውም ለጉብታውም ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ የሚተከለው ይታሰብበት። ሥራቸው የሚጠነክር ዛፎች፣ በተለይም ባሕር ዛፍ፣ በጉብታው ላይም ሆነ በቅርቡ አይተከሉ። ሥር ድንጋይ ይፈነቅላል፤ የመቃብሩንም አፈር ያተራምሳል። በራሱ የበቀለ ችግኝ ሲገኝ በልጅነቱ ከመሬት በላይ ይቆረጥ እንጂ አይነቀል፤ ሲነቀል አፈሩን ይዞ ይወጣልና። ሣሩ ይቆይ፤ አፈሩን የሚይዘው እርሱ ነው። ይታጨድ እንጂ አይቃጠል፤ እሳት ድንጋይ ይሰነጥቃል።

አራተኛ፣ የጉብኝቱ ገቢ ክፍፍል በጽሑፍ ይሁን። ጎብኚ የሚከፍለው ስንት እንደሆነ፣ ከዚያ ውስጥ ለባለማሳው፣ ለቀበሌውና ለስፍራው ጥበቃ የሚደርሰው ስንት እንደሆነ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታይ። አስጎብኚዎቹ የዚያው ቀበሌ ወጣቶች ይሁኑ። መንገዱ አንድ ይሁን፤ ማሳ ለማሳ የሚበተን እንግዳ ቡና ይረግጣል፤ አፈር ያጠብቃል። ዝናብ በሚበረታበት ወቅት ዳገቱ ላይ ያለው መንገድ ለጥቂት ቀናት ቢዘጋ የሚጎዳ የለም።

አምስተኛ፣ ጉብታው ብቻውን አይጎብኝ። የይርጋጨፌ ስም እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት የተመዘገበ፣ በዓለም የቡና ገበያ የሚታወቅ ስም ነው። የዚህን ቡና ምንጭ ለማየት የሚመጣ ገዢ ትክል ድንጋዩን ሳያይ ይመለሳል፤ ትክል ድንጋዩን ለማየት የመጣም ቡናው እንዴት እንደሚለቀምና በአልጋ ላይ እንደሚደርቅ ሳያይ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ የእግር መንገድ ሊገናኙ ይችላሉ። በባለማሳው ቤት ቡና የጠጣ፣ ቆጮ የቀመሰ እንግዳ የሚከፍለው ገንዘብ በቀጥታ ከእማወራዋ እጅ ይገባል። የቡና ለቀማ ወቅት ለቤተሰቡ ሥራ የሚበዛበት ስለሆነ ግን የጉብኝቱ ቀንና ሰዓት ከባለማሳው ጋር በስምምነት ይያዝ።

ሁለት ተቃውሞዎች

ለዚህ ሐሳብ የሚነሱ ተቃውሞዎች አይጠፉም። የመጀመሪያው፣ ሕዝቡ መሬት ጠቦት ሳለ ስለ ጥንት ሙታን መጨነቅ ቅንጦት ነው የሚል ነው። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ በቀላሉ ሊጣል አይገባም። ነገር ግን ጉብታውን አፍርሶ የሚገኘው መሬት ስንት ነው? ድንጋይ የበዛበት፣ አፈሩ የሳሳ ጥቂት ስፍራ ነው። ለአንድ ጊዜ ጥቂት እንሰት ይተከልበታል። ጉብታው ግን አንዴ ከፈረሰ በማንኛውም በጀት ተመልሶ አይሠራም።

ሁለተኛው፣ የጉብኝት ገቢ አስተማማኝ አይደለም የሚል ነው። ይህም እውነት አለው። ጎብኚ ሰላም ይፈልጋል፤ መንገድ ይፈልጋል፤ አንድ ዓመት መጥቶ በሌላው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ለአርሶ አደሩ ሀብታም ትሆናለህ ብለን ቃል አንግባ። የአርሶ አደሩ መተማመኛ ዛሬም ነገም ቡናውና እንሰቱ ነው። የጉብኝቱ ገቢ በእርሱ ላይ የሚጨመር እንጂ የሚተካው አይደለም። ከጌዴኦ የሚፈለገው ራሱ እርሻው እንዳለ እንዲቀጥል መሆኑ ደግሞ መልካም አጋጣሚ ነው። ጥላ ዛፉ ተቆርጦ፣ እንሰቱ ተነቅሎ ማሳው በአንድ ዓይነት ሰብል ቢተካ፣ ትክል ድንጋዮቹ ቢቆሙም እንኳ የተመዘገበው መልክዓ ምድር አይኖርም።

ምዝገባ ደግሞ ለዘላለም የተሰጠ አይደለም። በጀርመን የድሬስደን ከተማ የኤልቤ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ2004 በባህላዊ መልክዓ ምድርነት ተመዝግቦ ነበር። በሸለቆው መካከል ትልቅ ድልድይ እንዳይሠራ የቀረበው ማስጠንቀቂያ ስላልተሰማ እ.ኤ.አ. በ2009 ከመዝገቡ ተሰረዘ። ሀብታም አገር ያጣውን ነገር እኛ አናጣም የሚያሰኝ ምክንያት የለም። ወረዳዎቻችን አዲስ የገጠር መንገድ ሲቀይሱ፣ የድንጋይ ካባ ሲፈቅዱ፣ የትምህርት ቤት ግንባታ ቦታ ሲመርጡ ይህን ማስታወስ ይኖርባቸዋል።

ከላይ የተዘረዘሩት ሥራዎች ትልቅ በጀት አይጠይቁም። ወሰን ለመከለል ሽማግሌዎችና አንድ የመለኪያ ሜትር ይበቃሉ። የእርከን ድንጋይ ምንጭን በዕቅድ ላይ ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃል። የገቢ ክፍፍሉን ለመለጠፍ አንድ ወረቀት ይበቃል። የሚያስፈልገው የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትና የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸው፣ ባለማሳውንም ከመጀመሪያው ቀን አብረው ማስቀመጣቸው ነው። የሚቀጥለው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ቀበሌ በክልሉ ውስጥ ያሉትን ጉብታዎችና የባለማሳዎቻቸውን ዝርዝር ይዞ ቢቀርብ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።

አርሶ አደሮቻችንም በበኩላችሁ፣ በማሳችሁ ዳር ያለውን ድንጋይ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ አዲስ ነገር ካገኛችሁ ለቀበሌ አሳውቁ፤ ያሳወቃችሁበትንም በጽሑፍ ያዙ። ጎብኚው በማሳችሁ ሲያልፍ ድርሻችሁን ጠይቁ። መጠየቃችሁ ስስት አይደለም፤ ጠባቂ የድካሙን ዋጋ ይጠይቃልና።